ኤክስሬይ ስንት ፊደል ነው?

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን አጠገብ ባለው ኮሚናል ውስጥ ለሰፈሩ ወላጆችና ተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። አፍ ላይ የሚያምር ነገር ወረቀት ላይ ሲወርድ ይጨማደዳል። እዚህም እዚያም አቃንቼዋለሁ። ሰው የሳቀበትንና ያቋረጠኝን ቦታ ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያልደረሳችሁ ልጆች ወደ ፊት ኑና ተቀመጡ። በቅዳሜ ቀን ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ባቡሩ እንኳ አያት ደርሶ ይመለሳል እንጂ እኛ ጋ አይመጣም።

አስቀድሜ ልናገር፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪ አይደለሁም። 30 ዓመት ያስተማርኩት ሒሳብ ነው። ዛሬ ስለ እንግሊዝኛ ቃላት እንዳወራ ያደረገችኝ አንዲት ልጅ ናት። እዚሁ ቁጭ ብላለች። ስሟን አልጠራም፣ ታፍራለች።

ከሁለት ወር በፊት ማታ በሬ ተንኳኳ። ከእኛ በላይ ካለው ፎቅ የምትኖር የ7ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ጋሼ፣ የቤት ሥራ እምቢ አለኝ» አለችኝ። ፎቶ ኮፒ የተደረገ ወረቀት ይዛለች። ባዶ ሣጥኖች የተደረደሩበት፣ ቃል እየተፈለገ የሚሞላበት ዓይነት። የተቸገረችበት መስመር የልጅ ነገር ይመስላል። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ምንድን ናቸው ይላል። ሣጥኖቹ 5 ናቸው።

«ከለር ነዋ!» አልኳት።

«እሱንማ አውቃለሁ ጋሼ፣ ግን አይገባም።»

ፊቴ ጻፈችው። ሲ፣ ኦ፣ ኤል፣ ኦ፣ ዩ፣ አር። ስድስት። አንድ ፊደል ውጭ ቀረ፣ ታክሲ ሞልቶ በር ላይ እንደተመለሰ ተሳፋሪ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ የተማርነው የእንግሊዞቹን አጻጻፍ ነው። ወረቀቱ ግን የአሜሪካ ነበር። አሜሪካኖች ከዚህ ቃል ዩን አውጥተዋታል። ይህን አጻጻፍ በአገሩ ያስፋፋው ኖህ ዌብስተር የሚባል ሰው ነው። በ1828 ባወጣው ትልቅ መዝገበ ቃላት ውስጥ ከለር በ5 ፊደል ነው የገባው። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትቀንሱልኝ።) ልጅቷ ቃሉን ታውቀዋለች። ያላወቀችው ቁመቱን ነው።

ቀጥሎ ያለው ጥፋት የእኔ ነው። እዚያው ወረቀት ላይ ግራጫ የሚል ፍንጭ አለ፣ 4 ሣጥን። ግሬይ። እንግሊዞች ሦስተኛዋን ፊደል ኢ ያደርጓታል፣ አሜሪካኖች ኤ። ቁመቱ እኩል ስለሆነ ሁለቱም ይገባሉ። እኔ በድፍረት ኢ ብዬ ሞላሁ። በእሷ ላይ ተሻግሮ የሚወርደው ቃል ሊገኝ ነው እንግዲህ? እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያልተፈጠረ ቃል ስፈልግ አመሸሁ። ባለቤቴ «አሁንስ ልጅቷን ወደ እናቷ ስደዳት» እስክትለኝ ድረስ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ይህ ነገር ያዘኝ። በዚህ ቁመት፣ እነዚህን ፊደሎች የያዘ ቃል አምጣ ሲባል ጭንቅላታችን ምን ያደርጋል? መዝገበ ቃላት አይረዳም። መዝገበ ቃላት የሚመልሰው የመጀመሪያውን ፊደል ለሚያውቅ ብቻ ነው። ሦስተኛዋ ኤ ናት ብላችሁ ብትጠይቁት ዝም ይላችኋል።

እስቲ አብረን እንየው። «ስኩል» በሉ። ስንት ፊደል ነው?

(«ሦስት!» ያሉ ነበሩ። «ስድስት!» ያሉም ነበሩ። ስድስት ያሉት ልጆች ናቸው።)

ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። በእኛ 3፣ በእነሱ 6። ሐሳብ ለማለት «ቶት» ይላሉ። በእኛ 2 ነው፣ ቶ እና ት። በእነሱ 7። ቲ፣ ኤች፣ ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ። አምስቱ ፊደሎች የት ገቡ? ፊደሎቹስ አሉ፤ ጆሯችን ነው ያላገኛቸው።

እኛ ቃል የምንቆጥረው በጆሮ ነው። በፊደላችን አናባቢው ለብቻው አይቆምም። ቡ ስንል ሁለት ድምፅ በአንድ ፊደል ጠቅልለናል። 33 ፊደል በ7 ቤት፣ 231። ዲቃሎቹን ሳንቆጥር ነው። ልጅ ሆነን በዜማ ስንቆጥር ያደርነው ይሄንን ነው። እነሱ ያላቸው 26 ብቻ ነው። በ26 ፊደል ያን ሁሉ ድምፅ ለመሸከም ፊደሎቹን ማቀናጀት፣ ማደራረብ፣ አንዳንዴም ድምፅ የሌለው ፊደል ማቆም ግድ ሆነባቸው። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ቃል ቁመት በዓይን እንጂ በጆሮ አይለካም። ልጆቻችን ባለ 5 ፊደል ቃል አምጡ ሲባሉ የሚደናበሩት ቃል ስላነሳቸው አይመስለኝም። በውስጣቸው በአማርኛ እየቆጠሩ ነው።

እንግዲህ ጥያቄ ላምጣ። እንግሊዝኛው ሁልጊዜ ይረዝማል? በእኛ ፊደል ሲጻፍ ከእነሱ የሚበልጥ ቃል አለ?

(እዚህ ላይ ቤቱ ጸጥ አለ። መጀመሪያ አንድ ጎረምሳ ከኋላ «አይዲያ!» አለ። ቆጠርነው። በእኛ 4፣ በእነሱም አይ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤ፣ 4። አቻ ለአቻ። ጭብጨባ። ከዚያ ያቺው የፎቁ ልጅ እጇን አወጣች። «ኤክስሬይ» አለች።)

ቁጠሩት። ኤ፣ ክ፣ ስ፣ ሬ፣ ይ። አምስት! በእነሱ ኤክስ፣ አር፣ ኤ፣ ዋይ። አራት፣ መሐል ያለችውን ጭረት ካልቆጠርን። እኔ ይህን ቃል አላዘጋጀሁትም ነበር፤ ለሻይ እንዲሆንሽ ከእኔ አለሽ። ምስጢሩ ኤክስ የምትባለው ፊደል ላይ ነው። ክ እና ስን አንድ ላይ ተሸክማ ትሄዳለች። ዱብሌ የሚደረድር ባለ ሦስት እግር ባጃጅ በሏት።

አሁን ወደ ዋናው። ሰሌዳው ላይ 5 ሰረዝ አሰምሬያለሁ። ሦስተኛው ላይ ኤ ጽፌያለሁ። ከዚህ ሌላ የማውቀው አር እና ቲ ውስጡ እንዳሉ ነው። የት እንዳሉ አላውቅም። የቀሩትን ሁለት ፊደሎች ጭራሽ አላውቅም።

አር መቀመጥ የምትችልበት ባዶ ቦታ 4 ነው። እሷ ከተቀመጠች ለቲ 3 ይቀራል። 4 ጊዜ 3፣ 12። ስለዚህ 12 በር ያለው ኮሪደር አስቡ። ቃል ያለበት ቤት ይከፈታል፣ የሌለበት ዝም ይላል። እናንኳኳ።

አንደኛ በር። አር ትቅደም፣ ቲ ትከተል፣ ከዚያ ኤ። በእንግሊዝኛ እንዲህ የሚጀምር ቃል የለም። ዝግ ነው። ገልብጡት። ቲ ትቅደም፣ አር ትከተል፣ ኤ። ቤተሰቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ! ትሬን፣ ባቡር። ትሬድ፣ ንግድ። ትራሽ፣ ቆሻሻ። ትራክ። ትራክ ስላችሁ የጭነት መኪናው እንዳይመስላችሁ፤ የጭነቱ በዩ ነው የሚጻፈው። ይሄኛው የሩጫ መም ነው። በአማርኛ አፍ ሁለቱም ትራክ ናቸው። ይኸው ጆሮ ሲያሳስት።

አሁን ደግሞ ሁለቱንም ከኤ በኋላ እናድርጋቸው። አር ቀድማ ቲ ስትከተል፣ ሃርት፣ ልብ። ስማርት። ቻርት። ሞቅ ያለ ቤት ነው። ቲ ቀድማ አር ስትከተል ግን ዝግ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ እኔን ያስገረመኝ ይሄ ነው። ከኤ በፊት ሲሆኑ ቲ ከዚያ አር ይሠራል፤ ከኤ በኋላ ሲሆኑ ተገልብጦ አር ከዚያ ቲ ይሠራል። መስታወት ነው። አር በሁለቱም በኩል ከአናባቢዋ ጎን መቆም ትፈልጋለች፣ ቲ ዳር ይዛ ትቀራለች። እውነትም አር ለአናባቢ ትቀርባለች። አርርርር እያላችሁ ድምፁን ማስረዘም ትችላላችሁ። ቲን አስረዝሙ እስቲ። (ሞከሩ። ልጆቹ ምራቅ በምራቅ ሆኑ።) አይሆንም። እንግሊዝኛ የቃል ጅማሬ ላይና መጨረሻ ላይ ተነባቢ ሲደረድር ለአናባቢው የሚቀርበውን ወደ ውስጥ ያስገባል። ይህን አንዴ ያየ ሰው ግማሹን በር ሳያንኳኳ ያልፋል።

የቀሩትን በሩጫ። ሁለቱን ፊደሎች ኤን መሐል አድርጋችሁ በትኗቸው። ድራፍት። (ሳቅ። ከአባቶች በኩል።) አዎ ድራፍት፣ የመጀመሪያ ረቂቅ ማለትም ነው፣ ልጆች። ክሬት፣ ሣጥን፣ ጠርሙስ የሚደረደርበት። ሮስት፣ ጥብስ። ስቴር፣ ደረጃ። ስታርስ፣ ከዋክብት። ቲርስ፣ እንባ። በዘወትር ቃላት ሒሳቡን ስሠራው ከ12ቱ 8 በር ይከፈታል፣ 4 ዝግ ነው። የቀሩትን ሁለት ዝግ በሮች ለእናንተ ትቻቸዋለሁ፣ ማታ መብራት ሲጠፋ ሥሯቸው።

ባለ 5 ፊደል ቃል ስል አንድ ቁጥር ሳልጠቅስ ብወርድ የሒሳብ አስተማሪነቴ ይቀማ። 26 ፊደል 5 ቦታ ላይ በማናቸውም መንገድ ቢደረደር 11,881,376 ዓይነት ይሆናል። በ2021 ለሕዝብ የወጣ ዎርድል የሚባል የስልክና የኮምፒውተር ጨዋታ አለ። ልጆች ታውቁታላችሁ። ጆሽ ዎርድል የሚባል ባለሙያ ለፍቅረኛው ብሎ ነው የሠራው። በኋላ ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ገዛው። ጨዋታው በቃልነት የሚቀበለው ባለ 5 ፊደል ቃል ሲጀመር ወደ 13,000 ነበር። አካፍሉት፤ ከ900 በላይ ድርድር ውስጥ አንዱ ብቻ ነው ቃል። የቀረው እንደዚያ ዝግ በር ነው። መልስ እንዲሆኑ የተመረጡት ደግሞ ወደ 2,300 ብቻ ናቸው። የመረጠችው ያቺው ፍቅረኛው ናት፤ ዝርዝሩን አይታ የምታውቃቸውን አስቀረች።

ጨዋታው 6 ሙከራ ይሰጣል። አንድ ቃል ትጽፋላችሁ፤ የትኛው ፊደል እንዳለ፣ የትኛው እንደሌለ በቀለም ይነግራችኋል። ሰው የሚንቀው የሌለውን ነው። «ውይ፣ አንዱም አልተገኘም» ይላል። ኧረ ተገኘ እንጂ! እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው በአንድ ቃል ነው። ኤስ፣ ኤል፣ ኤ፣ ቲ፣ ኢ። ሲነበብ «ስሌት» ነው። የእኛ ስሌት አይደለም፤ የድንጋይ ሰሌዳ ማለት ነው። የሒሳብ ሰው ሆኜ በሌላ ቃል መጀመር አልችልም። አምስቱም ፊደሎች እንግሊዝኛ ውስጥ ከሚበዙት ናቸው። አምስቱም «የለንም» ቢሉኝ አልከፋም። ኤ እና ኢ ከሌሉ አናባቢው አይ፣ ኦ ወይም ዩ ነው፤ አለዚያም ዋይ ገብታበታለች ማለት ነው። ኮሪደሩ በአንዴ ጨለመ፣ የቀረው ጥቂት በር ነው።

የትኛው ፊደል እንደሚበዛ መቁጠር የዛሬ ነገር አይደለም። በሞርስ ቴሌግራፍ ዘመን፣ መልእክት በሽቦ በነጥብና በሰረዝ ሲላክ፣ አልፍሬድ ቬይል የሚባል የሞርስ ባልደረባ ማተሚያ ቤት ሄዶ የእርሳስ ፊደሎች የሚቀመጡበትን ሣጥን ቆጠረ ይባላል። አታሚ ብዙ የሚያስፈልገውን ፊደል ብዙ ነው የሚያስቀርጸው። ስለዚህ ለኢ አንድ ነጥብ፣ ለቲ አንድ ሰረዝ ተሰጠ። ኪው አራት ምልክት ያስከፍላታል።

ከዚያ ወደ 100 ዓመት ግድም ቆይቶ አሜሪካ ውስጥ ኢኮኖሚው ሲወድቅ አልፍሬድ በትስ የሚባል አርክቴክት ሥራ ፈታ። ሥራ የፈታ ሰው ብዙ ነገር ያደርጋል። እሱ ጋዜጣ ዘርግቶ ፊደል ቆጠረ። ከዚያ ቆጠራ የወጣው ጨዋታ በ1948 ስክራብል የሚል ስም አገኘ። ፊደል የተጻፈበትን ጠጠር እየደረደሩ ቃል የሚሠሩበት ነው። 100 ጠጠር አለው፣ ሁለቱ ባዶ ናቸው። ኢ 12 ናት። ኪው እና ዜድ አንድ አንድ ብቻ፣ ዋጋቸው ግን 10 ነጥብ። ኤስን 4 ብቻ አደረጋት። ብልህነቱ እዚህ ላይ ነው። ጋዜጣ ላይ ኤስ ብዙ ናት፤ ግን አብዛኛው ስም መጨረሻ ላይ ለጥፈህ ብዙ ቁጥር ታደርገዋለህ። ብትበዛ ጨዋታው ይረክሳል። የቆጠረውን እንዳለ አለመቀበሉ ነው የወደድኩለት።

ይህን ይዤ የመጣሁትን የጫማ ካርቶን አያችሁት? ቅድም አንዷ እናት «ጫማ ልትሸጥ ነው?» ብለውኛል። ውስጡ ወረቀት ነው፣ አሮጌ ካላንደር ተቆራርጦ። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ከላይ ፊደሎቹን ብቻ በኤቢሲዲ ተራ ጽፌያለሁ፣ ከሥር ደግሞ በእነዚያ ፊደሎች የሚሠሩትን ቃላት። አንዱን ላንብብ። ከላይ ኤ፣ ኢ፣ ኤች፣ አር፣ ቲ ይላል። ከሥር ኧርዝ፣ መሬት። ሃርት፣ ልብ። ሦስተኛው... ልጆች እናንተ ናችሁ የምታውቁት... ሄተር። (ሳቅ።) መሬትም ልብም ሄተርም አንድ ካርድ ላይ ናቸው። ፊደሎቹን በተራ ስታደርጓቸው የተለያዩ ይመስሉ የነበሩ ቃላት አንድ መታወቂያ ይይዛሉ። የተዘበራረቁ ፊደሎች ሲሰጧችሁ በተራ አድርጓቸውና ካርቶኑ ውስጥ ፈልጉ፤ ሌላ ጥበብ የለውም።

ስልክ ይህንንም፣ ያንን በር ማንኳኳትንም በቅጽበት ይሠራዋል። የማይታወቀው ቦታ ላይ ነጥብ ታደርጋላችሁ፤ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ኤ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። ስልኩ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ያንኳኳል። በእንግሊዝኛ የስክራብል ተጫዋቾች ከሚጠቀሙባቸው ዝርዝሮች ትልቁ ወደ 280,000 ቃል አለው። አያስብም፣ ግን አይሰለቸውም። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ቃል ደግሞ ለስልኩ አልተወለደም። ደስ የሚለው፣ ከእኛ የሄዱም አሉበት። ጤፍ አለ። ብር አለ። ሁለቱንም በ4 ፊደል ነው የሚጽፏቸው፣ መጨረሻውን ደግመው። ብር ስንል ር ይጠብቃል አይደል? እኛ ጥብቀትን አንጽፈውም፣ አንባቢ ያውቃል ብለን እናልፋለን። እነሱ አር ሁለት ጊዜ አስቀመጡ። ብራችን እንግሊዝኛ ውስጥ በእጥፍ ተመነዘረ።

ጥያቄ ካለ አሁን ነው።

(አንድ አባት ተነሡ። «ጋሼ፣ ልጄ ይህን ቢለማመድ እንግሊዝኛ ይችልልኛል?» አሉ። በቀጥታ ነው የመለስኩት።)

አይችልም። አልዋሽዎትም። ናይጄል ሪቻርድስ የሚባል የኒው ዚላንድ ሰው አለ። በ2015 የፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮና ገብቶ አሸነፈ። ፈረንሳይኛ አይናገርም። የቃላቱን ዝርዝር በጥቂት ወራት ውስጥ በዓይኑ ጠጥቶት ነው የሄደው። በ2024 ደግሞ ስፓኒሽኛም አይናገርም፣ የስፓኒሽኛውንም ወሰደ። ስለዚህ ልጅዎ የቃል ጨዋታ ጎበዝ ሆኖ ውሃ በእንግሊዝኛ መጠየቅ ሊያቅተው ይችላል። አጻጻፍ ግን ይሻሻላል። ሃርት ውስጥ ኢ እንዳለች ጆሮ አይነግረውም፤ ሣጥን ቆጥሮ አንድ ሲጎድልበት ያኔ ፈልጎ ያገኛታል። ያገኛትን ደግሞ አይረሳትም።

(ቀጥሎ ከመሐል አንዲት እናት «ለአማርኛስ አይሆንም?» አሉ። እንዲህ አልኩ።)

ይሆናል፤ ግን ችግሩ ይገለበጣል። ሦስት ፊደል፣ መካከሉ በ የሆነ ቃል በሉኝ እስቲ።

ሳልጨርስ ወረደ። «ሰበረ!» «ቀበረ!» «ለበሰ!» «ጠበሰ!» «ከበረ!» «ደበቀ!» «ጠበቀ!» «ነበረ!» መጻፍ አልቻልኩም። ማርከሩም እየደረቀ ነው። ግሦቻችን በሦስት ፊደል ስለሚሰለፉ ኮሪደሩ ውስጥ ዝግ በር ማግኘት ነው የሚከብደው። ይህንኑ ላስረዳ አፌን ስከፍት በር ላይ የእድሩ ሰዎች ቆመዋል። በ10 ሰዓት ስብሰባ አላቸው፣ አዳራሹ የእነሱ ነው። የእድሩ ዳኛ ሰዓታቸውን አዩ፣ ሰሌዳውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ዘበተ!» ብለው ገቡ።